የአሸዋ ጓደኛ

ጥርሳም ጎማ ያላትን ትንሽ ሞተሩን የገዛት በድብቅ ነው። ሚስቱን ሲያገባ አማቱ ጋሽ ድንቁ በሽማግሌ ፊት «ልጄን ጥቁር ለብሳ ማየት አልፈልግም፤ ሞተር ላይ እንዳትወጣ» ብለው አስምለውታል።

ምን ያደርጋል፣ ከድሬዳዋ ወጣ ሲሉ ያ ሁሉ አሸዋ ተዘርግቶ ይጠራል! ብቻውን እንዳይገባበት ደግሞ ሞተር ሲቀበር አብሮ የሚጎትት ሰው ያስፈልጋል። በሐሰት ስም ቴሌግራም ላይ «ትንሽ ሞተር ያለው የበረሃ ጓደኛ እፈልጋለሁ» ብሎ ለጠፈ።

«ጎረምሳው» የሚባል ሰው ወዲያው መለሰለት፦ «እሑድ ጠዋት፣ ሽንሌ መውጫ። ወሬኛ ከሆንክ ግን እንዳትመጣ።»

አነጋገሩን ወደደለት።

እሑድ ጎረምሳው አቧራውን እያጨሰ መጣ፤ አጠገቡ ቆመና ሄልሜቱን አወለቀ። ጋሽ ድንቁ ነበሩ።

ሁለቱም ጎማ ጎማቸውን አዩ። ጋሽ ድንቁ ቀድመው ጠየቁ።

«ቤት ምን ብለህ ወጣህ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ፣ አባባ።»

«እኔም ለቅሶ ነው ያልኩት» አሉ፣ ሄልሜታቸውን መልሰው እያጠለቁ። «በል፣ ማን እንደሞተ ከአሁኑ እንስማማ።»