ሰው ያልቆመበት መገንጠያ

«ዶን ኒካኖር፣ ወንዙን ሲሻገሩ ሆድ አወጡ እንዴ? ሰደርያው እኮ አልቆለፍ ብሎዎታል!» አለ ዜኖቢዮ፣ የሚያኝከውን የኮካ ቅጠል በአንድ ጉንጩ እንደ ወተፈ። በተራራው በር ላይ ሞተሮቻቸውን አቁመው የሚጠብቁት ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁ።

ባለቢጫ ሰደርያው ሞተሩን አጠፋና ሄልሜቱን አወለቀ። ዶን ኒካኖር ሳይሆን ፍሎሪያን ነበር፤ በአያኩቾ ከተማ ፋርማሲ ያለው፣ የሞተር ነጂዎቹን ማኅበር ዘንድሮ የተቀላቀለ ሰው። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሯል።

«ወንዙ ውስጥ ስወድቅ ጃኬቴ ራሰ» አለ። «ዶን ኒካኖር አዘኑልኝና ሰደርያቸውን ደረቡልኝ። ‹አንተ ቅደም፤ እኔ ጎማዬን ነፍቼ እደርሳለሁ› አሉኝ።»

ካሲሚራ ከተራራው ግርጌ ይዛ የመጣችውን ድንጋይ መንገደኞች ለደኅና ጉዞ በሚከምሩት የድንጋይ ቁልል ላይ ልታኖር ጎንበስ ብላ ነበር። ድንጋዩ ከእጇ ሳይለቅ ቀና አለች። ፊቷን ያዩት ሁሉ ሳቃቸውን አቆሙ።

የማኅበሩ ሕግ አጭር ነው። መሪው መገንጠያ ሲደርስ ከኋላው የሚነዳውን ሰው እዚያ ያቆማል፤ የቆመውም ሰው ባለቢጫ ሰደርያው የመጨረሻ ነጂ እስኪያልፍ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ሰው ያልቆመበት መገንጠያም ቢሆን ዝም አይልም፤ ቀጥ ብለህ ሂድ ይላል። ከታች፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ቆማ የነበረችው ካሲሚራ ነበረች። ቢጫው በአጠገቧ ሲያልፍ እጇን አንሥታ ሰላምታ ሰጠችና ቀድማው ለመድረስ በአቋራጭ ወጣች። ልብሱን እንጂ ሰውየውን አላየችም።

ወደ ተራራው በር የሚያወጣው የሚታጠፈው መንገድ ሲሆን፣ ከዚያ መገንጠያ ቀጥ ብሎ የሚሄደው የድልድዩ መንገድ ነው። ድልድዩን ሰሞኑን ጎርፍ እንደ ወሰደው ላማ የተባሉ የጭነት እንስሶቿን የምትነዳ አንዲት ሴት ለዜኖቢዮ ስትነግረው፣ ሽማግሌው ዶን ኒካኖር ገና ከኋላ የፍሎሪያንን ሞተር ከወንዝ እየጎተቱ ነበር።

«እመለሳለሁ» አለች ካሲሚራ።

«አበልጄ፣ አብደሻል? ሰማዩን አታዪም?» ዜኖቢዮ ልጁን ክርስትና ስላነሣችለት በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። «በረዶው መጣ እኮ! ደግሞ ሰውየው ይህን አገር እንደ ደጃፋቸው ነው የሚያውቁት።»

«የሚያውቁት ድልድዩ ቆሞ ሳለ ነው።»

«ስልክ እንሞክርላቸው» አለ አንዱ።

«እዚህ አናት ላይ መስመር ያለው ንስር ብቻ ነው» አለና ዜኖቢዮ ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ። «እሺ፣ እኔ እሄዳለሁ። የወንድ ሥራ ነው፤ አንቺ እዚሁ ቆዪ።»

«መገንጠያውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ወንድነትህን ለሌላ ቀን አስቀምጠው።»

ዜኖቢዮ ጓንቱን መልሶ አወለቀ። ፍሎሪያን ግን ሞተሩን አዙሮ ቆሞ ነበር። «እኔም እመጣለሁ» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ና። በሄድሁበት ሂድ፤ ፍሬኑንም በጣትህ ጫፍ ብቻ ንካው።»

በረዶው ገና የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ያዛቸው። ሄልሜቷን እንደ ቆርቆሮ ጣራ ደበደበው፤ ጠጠሩ ከጎማዋ ሥር እንደ ፈሰሰ ሽምብራ ይንሸራተት ጀመር። በእግር መርገጫው ላይ ቆማ፣ ጉልበቷን አላልታ፣ ዓይኗን ከገደሉ ነቅላ መንገዱ ላይ ተከለች። ሰው የሚሄደው ወደሚያየው ነውና። የኋላ ጎማዋ አንድ ሁለቴ ወደ ገደሉ ከዳት፤ ነዳጅ ሳትቀንስ መለሰችው። ከኋላዋ ፍሎሪያን ወደቀ። ቆማ አልጠበቀችውም። ተነሥቶ ሲነዳ ድምፁን ስትሰማ ግን ትንፋሿን ለቀቀች።

መገንጠያው ባዶ ነበር። በረዶው በሁለቱም መንገዶች ላይ እኩል ተነጥፏል፤ የጎማ ዱካ የለም። ምናልባት ሽማግሌው ገና አልደረሱ ይሆናል። ምናልባትም ዱካቸው ከበረዶው ሥር ነው።

«እዚህ ቁም» አለችው ፍሎሪያንን። «የሚመጣውን ሰው ልብስ አትመልከት፤ ፊቱን ተመልከት።»

«አንቺ ባትመለሺስ?»

«ባልመለስም ቁም።»

ቀጥታውን መንገድ ይዛ ነዳች። የጎርፉ ጩኸት ከሞተሯ ድምፅ እየበረታ መጣ። መንገዱ በድንገት ሰፋ፤ ዳሩ ላይ የዶን ኒካኖር ሞተር በመቆሚያ ብረቱ ቆሟል፤ በኮርቻው ላይ በረዶ ተከምሯል፤ ሰው አልተቀመጠበትም። ሞተሯን አጠፋች። ወርዳ ወደ ድልድዩ ተራመደች።

ያን ጊዜ ድምፅ ሰማች።

ሽማግሌው ከተሰበረው ድልድይ አፋፍ ላይ ተንበርክከው፣ በአንድ እጃቸው የቀረውን የብረት ምሰሶ ጨብጠው፣ ወደ ገደሉ ይጣሩ ነበር። እርሳቸው ሲደርሱ መገንጠያው ላይ ማንም አልቆመም ነበር፤ እንግዲያስ ሁሉም በዚህ አልፈዋል። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ሕጉንም ያወጡት እርሳቸው ናቸው። አንድ ስም ይጠራሉ፤ ጆሯቸውን ወደ ውኃው ያዘነብላሉ፤ ከዚያ ሌላ ስም ይጠራሉ። ከመጣራት ብዛት ድምፃቸው ሻክሯል።

«ዜኖቢዮ!» ውኃው ጮኸ።

«ፍሎሪያን! ልጄ፣ ፍሎሪያን!» ውኃው ጮኸ።

«ካሲሚራ!»

ሄልሜቷን በሁለት እጇ አወለቀች። በረዶው በራስ ጠጉሯ ላይ ይወርድ ጀመር።

«አቤት» አለች።