ወንድምሽን እዪው

«ያንዷን እንባ ሳትጠርጊ ሌላ ወለድሽ!» አሉ እናቷ ከአገር ቤት፣ በስልኩ ምስል ላይ ጣታቸውን ቀስረው። «አምስት ዓመት ሙሉ ‹ዘንድሮ እወስዳታለሁ› እያልሽ ልጂቱን በተስፋ አደረቅሻት!»

«እማዬ፣ ትሰማለች እኮ። ለዛሬ እንኳ ተዪኝ።»

«ትስማ! ምን ያልሰማችው አለ?»

ከወለደች ገና ሦስት ሰዓቷ ነበር። በባዕድ አገር የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ጨቅላውን ወደ ስልኩ ከፍ አደረገችው። የስምንት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇ ከአያቷ ትከሻ ኋላ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ወንድምሽን እዪው፣ የኔ ሆድ።»

ልጂቱ ትኩር ብላ አየችው። «ሲያለቅስ ማን ያቅፈዋል?»

«እኔ ነኛ።»

«ሁልጊዜ?»

እናት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«አፍንጫውስ ቁርጥ ያንቺ!» አሉ አያትየው በመካከል። «ይኸው ቁጣዬን አስረሳኝ። እስቲ ወዲህ አዙሪው።»

አዞረችላቸው። ያን ጊዜ ልጂቱ ከኋላቸው ተነሳች። እናቷ በቅርቡ የላከችላት ጫማ ጠቧት ኖሮ ተረከዙን ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ ትጎትተዋለች። እናት ስትገዛው ልኳን አልጠየቀችም፤ ትታት የሄደችውን ሕፃን እያሰበች ነበር የመረጠችው። ልጂቱ በሩን ከፍታ ወጣች። አያትየው ገና ስለ ቅንድቡ ያወሩ ነበር።