የፈታኞቹ ስምምነት

ተማሪው በመመረቂያ ጽሑፉ፣ የተኳረፉ አገሮች አንድ ትንሽ ሥራ አብረው ቢጀምሩ ቀስ በቀስ ወደ ውህደት ያመራሉ ብሎ ተከራክሯል። የሚፈትኑት ዶክተር ጸዳለና ዶክተር አስራደ ግን ሰላምታ ካቆሙ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ አንዳቸው ያመሰገኑትን ተማሪ ሌላኛቸው ሳይጥሉት አይቀሩም። «ካልተስማሙ አለቀልኝ» እያለ ውጭ ሲጠብቅ፣ ከክፍሉ መጀመሪያ ጭቅጭቅ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ሳቅ ሰማ። ነፍሱ መለስ አለች።

በሩ ተከፈተ።

«ተስማምተናል» አሉ ዶክተር ጸዳለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር።»

«እንደ አዲስ ትጽፈዋለህ። የተኳረፈ ሁሉ በትንሽ ሥራ ይቀራረባል ማለት የዋህነት ነው። አይደለም እንዴ፣ አስርዬ?»

«በጣም እንጂ፣ ጸድዬ» አሉ ዶክተር አስራደ። ቦርሳቸውን ተቀበሏቸውና ተያይዘው ለምሳ ወጡ።