አስተርጓሚው

የእንግሊዟ ፕሮፌሰርና ዶክተሩ በጋራ ባገኙት የምርምር ድጋፍ የገብስ ገበሬዎችን ሊያጠኑ ወጡ። «የዳኛ ልጅ ነኝ» ያላት ይኸው ዶክተር ሌላ ወረዳ ይሻላል ብሎ ቢለምናትም፣ እሷ ይሄንኑ መንደር መረጠች።

ከመጀመሪያው ደጃፍ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዶክተሩን ሲያዩ እጃቸውን ዘርግተው ብድግ አሉ። እሱ ግን ቀደማቸውና፣ «እንደምን ዋሉ አባባ? ለጥናት ነው የመጣነው» አለ።

የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ።

«ልጅ እንዳላቸው ጠይቅልኝ» አለች ፕሮፌሰሯ። ጠየቀ።

«አንድ ነበረኝ በላት» አሉ ሽማግሌው።

ሲተረጉምላት ባርኔጣዋን አውልቃ፣ እጃቸውን ይዛ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለቻቸው።

«ምን አለች?» አሉ።



«እግዜር ያጥናዎት ትላለች» አለ ዶክተሩ፣ የአባቱን ዓይን ሽሽት መሬት መሬቱን እያየ።