መስመር ያልገባለት ቻርጀር

የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሩ ገና የመብራት መስመር አልገባለትም። ባለቤቱ ድርጅት ግን የማስታወቂያ ፎቶው ይቅደም ስላለ፣ የስክሪኑን መብራት በኋላ በኮምፒውተር ልጨምርበት ተስማምተን ካሜራዬን ተከልኩ። ሞዴል ፍለጋ እንዳልንከራተት ታናሽ እህቴን ይዣት መጣሁ። ሥራዋ የቻርጀሩን እጀታ መኪናው ላይ ሰክታ፣ እንደያዘች ፈገግ ማለት ብቻ ነው።

«እታለም፣ ጉንጬ ሊሰነጠቅ ነው» አለችኝ።

«ስትበዪ መቼ ተሰንጥቆ ያውቃል? ዝም ብለሽ ሳቂ።»

ጥቂት እንዳነሳኋት የቻርጀሩ ስክሪን በራ። አርባ በመቶ ይላል። የድርጅቱ ሠራተኞች መስመሩን ቀጥለውት ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ፤ አንድ ሥራ ተቀነሰልኝ።

«እጄን በረደኝ» አለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«አንዴ ብቻ። የመጨረሻ።»

የመጨረሻ ካልኩ በኋላ ሁልጊዜም ብዙ ነው የማነሳው። ስክሪኑ ሰባ አለ፣ ከዚያ ዘጠና። እሷ መቀለዷን ትታለች። በካሜራው ሳያት ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ብርሃኑን ባስተካክለው፣ ባስተካክለው ቀለሟ አልመለስ አለ።

የስክሪኑ ብርሃን ነው ያበላሸው ብዬ ተናድጄ፣ ላጠፋው ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞርኩ። የመብራት ገመዱ ለመስመሩ በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል፤ ጫፉ በፕላስቲክ ታስሯል፣ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

«በቃ፣ ልቀቂው!» ብዬ ጮህኩ።

ሮጬ አጠገቧ ደረስኩ። ፈገግታዋ እንዳለ ነው። አምስቱም ጣቶቿ ተዘርግተዋል፤ መዳፏ ግን እጀታው ላይ እንደተጣበቀ ነው።

«እኔማ ከለቀቅኩት ቆየሁ፣ እታለም» አለችኝ።