ለአንድ ቀን የተጻፈ መስመር

"ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጥሪ አልገባም፤ ለምን?" ይላል የፕሮግራመሯ ባልደረባ። ሲጠይቅ ስለሚውል ቢሮው "አቶ ለምን" ብሎ ስም አውጥቶለታል።

"ሰው ሁሉ ደህና አድሮ ነዋ! ምነው፣ የታመመ ሰው ናፈቀህ?" ትላለች ፕሮግራመሯ እየሳቀች። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ሲቸገሩ የሚነኩትን የድረ ገጽ ቁልፍ የሠራችው እሷ ናት። ቁልፉ ሲነካ ጥሪው ወደ ነርሶቹ ይላካል፣ ገጹም "እየመጣን ነው" ይላል።

ለወጉ ያህል የስህተት መዝገቡን ትከፍታለች። ሳቋ እዚያው ይቀራል።

"ያልተያዘ ፕሮሚስ፦ ጥሪው አልደረሰም።" ኮዱ የላከው ነገር ከሽፎ የሚከታተለው ሲያጣ የሚጻፍ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ተደርድሯል፤ ስልሳ ሦስት። የነርሶቹ ሰርቨር ከማለዳ ጀምሮ ወድቋል። የእሷ ኮድ ግን ይልካል እንጂ ደረሰ አልደረሰ ብሎ አይጠብቅም።

"ታዲያ ስህተት ሲኖር ገጹ ላይ የሚወጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ ለምን አልታየንም?" ይላል አቶ ለምን።

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ ገጹን ለእንግዶች ሲያሳዩ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ጉድ እንዳይሠራት ፈራች። ስለዚህ ያልተያዘ ስህተትን ሁሉ አፍሶ ማንም ወደማይከፍተው ወደዚህ መዝገብ የሚደፋ አንድ መስመር ጻፈች። እንግዶቹ ሲወጡ አጠፋዋለሁ ብላ ነበር። እንግዶቹ ወጡ፤ መስመሩ ቀረ። ወይ ጉድ!

አቶ ለምን የጠሪዎቹን ስልክ ቁጥሮች ከመዝገቡ ገልብጦ ወደ ነርሶቹ ክፍል ይሮጣል። እሷ ዝርዝሩን ወደ ታች ትወርዳለች። አንድ ስልክ ቁጥር ዘጠኝ ጊዜ ተደጋግሟል፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ያሳደገቻት አክስቷ ናት።

ትደውላለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ይነሳል።

"እትዬ! ምን ሆነሽ ነው?"

"መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወደቅኩ። ዳሌዬ አላስነሳ አለኝ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም? ስልኩ እጅሽ ላይ እያለ!"

"ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ነዋ። ደግሞ በነካሁት ቁጥር እየመጣን ነው ይለኛል እኮ።" አክስቷ ታቃስታለች። "መንገድ ተዘጋግቶባቸው ይሆናል እንጂ አንቺ የሠራሽውማ አይዋሽም ብዬ እየጠበቅኳቸው ነው። እስቲ እይልኝ የኔ ልጅ፣ የት ደረሱ?"