የጣቢያው ፊሽካ

አስጎብኚው እጮኛዋ ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ ሲነፋው፣ ከዱከም በሚኒባስ የመጡት ጎብኚዎች ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። ድምፁ በአዳማ አሮጌ ባቡር ጣቢያ ጣሪያ ስር አስተጋባ። እሷም ከኋላ ቆማ ፈገግ አለች። የአባቷ ፊሽካ ነበር። ጠዋት «ለዛሬ ብቻ አውሺኝ» ብሎ ሲለምናት፣ በጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ወልውላ ሰጥታዋለች።

«አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እዚህ ጣቢያ ነበር የሚሠራው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባቡሩ ከቆመ በኋላ፣ ዓይኑ ጠፍቶ እንኳ፣ እሑድ እሑድ እጁን ይዤ አመጣው ነበር። እዚች አግዳሚ ላይ ይቀመጥና፣ የድሬዳዋው ባቡር መድረሻ ሰዓት ነው ሲል ይቺን ፊሽካ ይነፋታል።»

የተሳሳተ መሰላት። ያንን እጅ ይዛ ስትመጣ የኖረችው እሷ ናት፤ ይህንንም ከእሱ በቀር ለማንም ነግራ አታውቅም። ስትነግረው ደግሞ አልቅሶ ነበር። ዓይኑን ፈለገችው፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቷል። ጎብኚዎቹ ተራ በተራ እጁን እየጨበጡ «ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናህ» ሲሉት፣ ፊሽካውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ «አሜን» ይላል። አንዲት አሮጊት ጥቁር ልብሷን አዩና ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ምራታቸው ነሽ፣ ልጄ? አይዞሽ።»

መዳፏን ወደ እጮኛዋ ዘረጋች፤ ፊሽካውን እስኪያስቀምጥላትም ጠበቀች። ከትንፋሹ ገና እርጥብ ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ልጃቸው ነኝ፣ እማማ» አለች። «እሱን ግን አላውቀውም።»